የሕሙማን ጠባቂ ቅዱስ ካሚሎስ

ቅዱስ ካሚሎስ ደ ሌሊስ እ.ኤ.አ. በ1550 በኢጣልያ አገር፣ በቡክያኒኮ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ወታደር ሳለ እግሩ ላይ የወጣው ቁስል እስከ ዕለተ ሞቱ አልሻረለትም። በቁማርም ያለውን ሁሉ አጥቶ ለልመና ተዳረገ።

በ1575 ልቡን ወደ እግዚአብሔር መልሶ ወደ ካፑቺን ገዳም ገባ፤ ነገር ግን ቁስሉ ስላገረሸበት ተሰናበተ። ቀድሞ ወደ ታከመበት፣ በሮማ ወደሚገኘው የቅዱስ ያዕቆብ ሆስፒታል ተመለሰ። በዚያ እየታከመ ሲያገለግል፣ ለደመወዝ ብቻ የተቀጠሩ አስታማሚዎች ሕሙማንን ችላ ሲሏቸው ተመለከተ። አልጋ ላይ መዋልን ያውቀዋልና አይቶ ማለፍ አልቻለም፤ በሽተኛን እንደ ክርስቶስ ቈጥረው የሚያስታምሙ ወንድሞችን ሰበሰበ። ይህን ማኅበር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 5ኛ በ1586 አጸደቁት፤ የአባላቱም ምልክት በልብሳቸው ላይ ያለው ቀይ መስቀል ሆነ። ካሚሎስ በ1614 ዐረፈ፤ በ1746 ቅድስናው ታወጀ።

እንግዲህ መከራ በራሱ ሰውን ርኅሩኅ እንደማያደርግ እናስተውል፤ ምሬትንም ሊወልድ ይችላል። ካሚሎስ ግን የገዳሙን በር የዘጋበትን ቁስል የድውያንን ሥቃይ የሚያይበት ዐይን አደረገው። እኛም የራሳችን ሕመም ሲጠናብን፣ በአጠገባችን የተኛውን በሽተኛ የምንጠይቅበትን ጸጋ እንለምን።