ማርሻል ፔተንና ሦስቱ ጦርነቶች

በታሪክ ትምህርታችን ስለ ፈረንሳይና ስለ ጀርመን ጦርነቶች ሳነብ፥ አንድ ስም በአንዱ ምዕራፍ ሲመሰገን በሌላው ሲወገዝ አየሁ። መጀመሪያ ሁለት ሰዎች መስለውኝ ነበር። ሰውየው ግን አንድ ነው፤ ማርሻል ፊሊፕ ፔተን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፔተን በ1856 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። የ14 ዓመት ልጅ ሳለ የ1870 ጦርነት ተነሣ፤ ፈረንሳይም ድል ተነሥታ አልዛስንና የሎሬንን ከፊል ለጀርመን አስረከበች። እርሱም በ1876 ወደ ሴን ሲር የጦር ትምህርት ቤት ገባ።

ሹመት ግን ዘገየበት። ብዙዎቹ አለቆች ወታደር በድፍረት ወደ ፊት ከሮጠ ያሸንፋል ሲሉ፥ እርሱ መድፍ ሳይቀድም በመትረየስ ፊት ሰው መስደድ ከንቱ እልቂት ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በ1914 ሁለተኛው ጦርነት ሲፈነዳ የ58 ዓመት ኮሎኔል ሆኖ ጡረታውን ይጠባበቅ ነበር።

በየካቲት 1916 ጀርመኖች ቬርደንን ሲያጠቁ መከላከሉ ለፔተን ተሰጠ። ዋናው የባቡር ሐዲድ በጠላት መድፍ ስለ ተቋረጠ፥ ከባር ለ ዱክ በሚመጣው በአንዱ መንገድ ካሚዮኖች ቀንና ሌሊት ጥይትና ወታደር እንዲያመላልሱ አደረገ። ከሁሉ ይልቅ እኔን ደስ ያሰኘኝ ጦሩን እያፈራረቀ ማሳረፉ ነው። በዚያ ውጊያ በአሥር ወር ውስጥ ከሁለቱም ወገን 300,000 ያህል ሰው አለቀ፤ ቬርደን ግን አልተያዘችም። በ1917 ወታደሮች አንዋጋም ብለው ሲያምፁ ምግባቸውንና ፈቃዳቸውን አሻሽሎ፥ ጥቂቶቹንም በሞት ቀጥቶ ሠራዊቱን አረጋጋ። በ1918 ጀርመን ስትሸነፍ ማርሻል ተባለ።

በ1940 ጀርመኖች እንደ ገና መጡ። ፔተን በ84 ዓመቱ መንግሥቱን ተረክቦ የጦር ማቆም ስምምነት ለመነ። ሂትለርም ጀርመኖች በ1918 የፈረሙበትን የባቡር ፉርጎ ከቤተ መዘክር አስወጥቶ በዚያው ውስጥ አስፈረማቸው።

ከዚያም በቪሺ ከተማ ተቀምጦ ከሂትለር ጋር ተባበረ። ሽማግሌ ነበረ፥ አቅም አልነበረውም የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። በ1940 አይሁድን ከመንግሥት ሥራና ከማስተማር ያስወጣውን ሕግ ያወጣ የእርሱ መንግሥት ነው፤ በ1942ም የፈረንሳይ ፖሊሶች ራሳቸው አይሁድን ከነልጆቻቸው ይዘው ለጀርመኖች ሰጡ።

ሻርል ደጐል በ1912 መኰንን ሆኖ ሲጀምር አዛዡ ፔተን ነበር። በ1940 የፔተን መንግሥት ደጐልን በሌለበት ሞት ፈረደበት። በ1945 ደግሞ ሞት የተፈረደበት ፔተን ነው፤ ደጐል ስለ እርጅናው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠለት። በ1951 በ95 ዓመቱ በዩ ደሴት ሞተ። በቬርደን ከወታደሮቹ ጋር ለመቀበር ይመኝ ነበር፤ መቃብሩ ግን በዚያችው ደሴት ነው።