ያልጠጡት ሕሙማን፦ የሰርጌይ ኮርሳኮፍ የአልኮልና የአንጎል ጥናት

አልኮል በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በተነሣ ቁጥር የሩሲያዊው ሐኪም የሰርጌይ ሰርጌዬቪች ኮርሳኮፍ ስም ይጠራል። ስሙ ከአንድ ከባድ የመርሳት ሕመም ጋር ተጣብቆ ስለ ቀረ፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው በፈተና ጥያቄ ውስጥ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ የሥራው ክብደት ያረፈው ሕመማቸው ከመጠጥ ባልመጣ ሰዎች ላይ ባደረገው ምልከታ ነው የሚል ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮርሳኮፍ በ1854 በቭላዲሚር ግዛት፣ ጉስ በምትባል የመስታወት ፋብሪካ መንደር ተወለደ። በ1875 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ በፕሬኦብራዠንስኪ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመረ፤ ከዚያም በአሌክሲ ኮዠቭኒኮፍ ሥር የነርቭ ሕክምናን ተማረ። ይህ ድርብ ሥልጠና ኋላ ለደረሰበት ግኝት መሠረት ሆኖታል። የእግር መስለል የነርቭ ሐኪም፣ የአእምሮ መታወክ ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ጉዳይ ተደርጎ በሚታይበት ዘመን፣ እርሱ ሁለቱን በአንድ ሕመምተኛ ላይ አጣምሮ ማየት ቻለ። የ1887 የዶክትሬት ድርሳኑ ስለ አልኮል ሽባነት ነበር። በተከታዮቹ አራት ዓመታት ባወጣቸው ጽሑፎች የነርቮቹ መጎዳትና የመርሳቱ ችግር የአንድ በሽታ ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን አስረዳ።

ሕሙማኑን የገለጸበት መንገድ ዛሬም ያስደንቃል። ሕመምተኛው በወጉ ይጨዋወታል፤ ዳማ ሲጫወት አስቦ ነው። ጠጠሮቹ ተሰብስበው ጥቂት ሲቆይ ግን መጫወቱን ራሱ አያስታውስም። የልጅነቱን ነገር አሳምሮ ይተርካል፤ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ግን አያውቅም። ክፍተቱንም ባልሆነ ትዝታ ይሞላዋል፤ ይህን የሚያደርገው ለማታለል ብሎ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ምልከታ በኤሌክትሪክ ይታከም የነበረው ሰው ጉዳይ ነው። ሰውየው መሣሪያውን ያወቀው ከታመመ በኋላ ነው፤ ሕክምናውንም አያስታውስም። ሆኖም የመሣሪያውን ሣጥን ባየ ጊዜ ሐኪሙ በኤሌክትሪክ ሊያክመው እንደ መጣ ገመተ። ኮርሳኮፍ ከዚህ በመነሣት ባለቤቱ የማያውቀው የትዝታ አሻራ በአንጎል ውስጥ ሊቀር እንደሚችል ደመደመ። ዛሬ ስውር ትውስታ የምንለው መስክ ከዚህ የራቀ መነሻ የለውም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ከሕሙማኑ መካከል ጠጪዎቹ ይበዙ ነበር፤ ነገር ግን ከወሊድ በኋላ በተከሰተ ኢንፌክሽንና በታይፎይድ ምክንያት ተመሳሳይ ምልክት ያሳዩም ነበሩ። እነዚህን ለይቶ ቢተዋቸው ኖሮ በሽታው የጠጪዎች ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። እርሱ ግን የጋራ መንሥኤ ፈለገ፤ መልሱም በደም ውስጥ የሚዘዋወር መርዝ ነው አለ። በዚህ ተሳስቷል። ካርል ቬርኒከ በ1881 የገለጸው አጣዳፊ የአንጎል ሕመም ከእርሱ ግኝት ጋር ዝምድና እንዳለውም አላስተዋለም፤ ከቬርኒከ ሦስት ሕሙማን አንዷም ጠጪ ሳትሆን አሲድ የጠጣች ሴት ነበረች።

በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ሕሙማንን በማሰሪያ ሸሚዝ መቆጣጠርን አስቀርቷል። በ1897 በሞስኮ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ዮሊ በሽታው በስሙ እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ46 ዓመቱ፣ ኮርሳኮፍ በልብ ሕመም ሞተ።

እርሱ መርዝ ያለው ነገር በዋናነት የቲያሚን፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ1 እጦት ሆኖ ተገኘ። ቲያሚን ከሩዝ ገለባ ተለይቶ የወጣው በ1926 ነው። አልኮል አንጀት ይህን ቫይታሚን እንዳይቀበል ያውካል፤ አዘውታሪ ጠጪም ብዙ ጊዜ ምግቡን ይተዋል። በጋሞ ደጋና ቆላ የሚጠጣው ቦርዴ እህሉ አብሮት ስላለ እንደ ምግብም ይቆጠራል፤ አረቄ ሲነጠር ግን ቲያሚን ከአልኮሉ ጋር ተንኖ አያልፍም። ስለዚህ ምግብ ትቶ አረቄ ሲያዘወትር የኖረ ሰው ተደናግሮና እየተንገዳገደ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ ስካሩ ነው ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ቲያሚን ሳይሰጠው በደም ሥር ግሉኮስ ብቻ ቢገባለት የቀረችውን ጥቂት ቲያሚን ሊያሟጥጥበትና ኮርሳኮፍ ወደ ገለጸው የማይመለስ መርሳት ሊያደርሰው ይችላል።