ጄምስ ብሩስና የሄኖክ ፊደል

ፊደል ሁሉ የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ፊደል አንድ ዐይነት ኑሮ የለውም። አንዳንዱ ልጅ ሲማርበት፣ ካህን ሲያነብበት፣ ነጋዴ ዕዳውን ሲመዘግብበት የኖረ የሕዝብ ፊደል ነው። አንዳንዱ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ምስጢሩን ለመሸፈን ወይም የልብ ወለድ ታሪኩን ለማስጌጥ ያወጣው ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን በ1954 እና በ1955 ያሳተመው የቀለበቶች ጌታ የተባለው ልብ ወለድ በርእሱ ገጽ ራስጌና ግርጌ እንግዳ ጽሕፈት አለበት። ለተመልካች የጠፋ ሕዝብ ጽሕፈት ይመስላል፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ካለው የፊደል ማብራሪያ ጋር እያስተያየ ለፈታው ሰው ግን የሚወጣለት እንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያለው ፊደል ሲፈታ ብዙውን ጊዜ ከውስጡ የሚገኘው የሠሪው የገዛ ቋንቋ ነው።

እንግዲህ የማናውቀው ጽሕፈት ሲያጋጥመን፣ የኖረውን ከተፈጠረው በምን እንለየዋለን? ከ1770 እስከ 1771 በከተማችን በጎንደር የተቀመጠው የስኮትላንድ ሰው የጄምስ ብሩስ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድሞ ብሩስ ሳይወለድ የነበረውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አውሮፓውያን መጽሐፈ ሄኖክን የሚያውቁት በስም ነበር። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ አንሥቶታል፤ የጥንት አባቶችም አስታውሰውታል። በ1606 ስካሊገር የተባለው ሊቅ ከአንድ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ጥቂት ቁራጮች አግኝቶ አሳተመ እንጂ፣ ሙሉው መጽሐፍ ከእጃቸው ከወጣ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖት ነበር። ዕውቀት በሌለበት ስፍራ ደግሞ ምኞት ይገባል። በ1583 ለንግሥት ኤልሳቤጥ ኮከብ ይቈጥር የነበረው የሒሳብ ሊቅ ጆን ዲ፣ ኤድዋርድ ኬሊ ከተባለው ጓደኛው ጋር ሆኖ፣ መላእክት ገለጡልን ያሏቸውን 21 ፊደላት ጻፈ። ቋንቋውንም ከሄኖክ ስም ጋር አያያዙት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ይህን ጽሕፈት ለመመርመር ደክሟል። በ1978 ሌይኮክ የተባለው የአውስትራሊያ የቋንቋ ሊቅ የቃላቱን መዝገብ ባሳተመ ጊዜ ግን፣ የሰዋስው አካሄዱ ከእንግሊዝኛ የማይርቅ መሆኑን አሳየ። ዲ ያን ሁሉ ሲጽፍ የኢትዮጵያ ሊቃውንት እውነተኛውን መጽሐፈ ሄኖክ፣ ማንም ደቀ መዝሙር በሚማረው ፊደል በግእዝ ተጽፎ፣ ሙሉውን ያነቡት ነበር።

በሚቀጥለው መቶ ዓመት ወሬው ፈረንሳይ ደረሰ። ፔሬስክ የተባለ መጻሕፍት ወዳድ መኰንን፣ መጽሐፈ ሄኖክ በኢትዮጵያ እንዳለ ከአንድ የካፑቺን መነኵሴ ሰምቶ በብዙ ገንዘብ አንድ የግእዝ ብራና አስገዛ። ብራናው እንደ ሄኖክ ተከብሮ ፓሪስ ተቀመጠ። በ1683 ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ገልጦ ባነበበው ጊዜ ግን መጽሐፉ ሄኖክ ሳይሆን ሌላ የምስጢር መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ። ሉዶልፍ ይህን ለማወቅ የቻለው መምህር ስለ ነበረው ነው። በ1649 ሮም ላይ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ፣ በኋላም በ1652 ወደ ጎታ ከተማ አስጠርቷቸው፣ ግእዝንና አማርኛን ከእርሳቸው አፍ ተምሯል። በ1661 ያሳተመው የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያለ እርሳቸው ትምህርት ሊታሰብ አይችልም።

ብሩስ የተወለደው ዲሴምበር 14 ቀን 1730 በስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በተባለው የአባቱ ርስት ነው። በኤዲንበርግ ሕግ መማር ጀምሮ ነበር፤ ትምህርቱ ግን አልሆነለትም። ከአንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ ቤት ተጋብቶ ወደ ንግድ ገባ። ሚስቱ በተጋቡ በጥቂት ወር ውስጥ በ1754 ፓሪስ ላይ ሞተችበት። ከዚህ ኀዘን በኋላ ወደ ጉዞና ወደ ቋንቋ ዞረ። ዐረብኛ ተማረ፤ የሉዶልፍም መጻሕፍት ዐሳቡን ወደ ኢትዮጵያ መለሱት። አባቱ በ1758 ሲሞት ርስቱን ወረሰ፤ ከርስቱ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል የጉዞውን ወጪ የሚችል ገንዘብ ሰጠው። ከ1763 እስከ 1765 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሠራ። ከዚያ በሰሜን አፍሪካና በሶርያ ያሉትን የሮማውያን ፍራሾች እየዞረ ሣለ፤ በ1768 ግብጽ ገባ።

በግብጽ ሳለ በጥንቷ ቴብስ አካባቢ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ገዛ። ይህ መጽሐፍ ዛሬ በስሙ የብሩስ ኮዴክስ ይባላል። በውስጡ ትርጓሜያቸው የማይታወቅ የማኅተም ሥዕሎችና ምልክቶች አሉበት። ሊቃውንት በኋላ እንደ መረመሩት ከክፍሎቹ አንዱ የዬው መጻሕፍት የሚባሉት ናቸው፤ ሌላ የቅብጥ መጽሐፍም እነዚህን ሄኖክ በገነት ሳለ ጻፋቸው ይላል። ብሩስ ገና ኢትዮጵያ ሳይገባ በሄኖክ ስም የሚጠራ አንድ ጽሕፈት ይዞ ነበር ማለት ነው።

በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ወረደ። በዐድዋና በአክሱም በኩል አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፣ በደባርቅና በወገራ ደጋ አቋርጦ በፌብሩዋሪ 1770 ጎንደር ደረሰ። ጊዜው ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ በዙፋን የተቀመጡበት፣ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ የነበረበት ነው። በከተማዪቱ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና እንግዳው መድኀኒት ያውቃል ተብሎ እቴጌ ምንትዋብ ወደሚኖሩበት ወደ ቍስቋም ተጠራ። በሩንና መስኮቱን አስከፍቶ ንጹሕ አየር እያስገባ፣ ቤቱን እያጠነ የታመሙትን የመኳንንት ልጆች አስታመመ። ከዚህም የተነሣ በእቴጌዪቱና በልጃቸው በወይዘሮ አስቴር ዘንድ ሞገስ አገኘ። የጎንደር ሰው ያዕቆብ ይለው ነበር፤ ንጉሡም የባለሟልነት ማዕርግ ሰጡት።

ብሩስ በዓለም የታወቀው የዐባይን ምንጭ በመፈለጉ ነው። ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ ዐባይ ደርሶ ምንጩን አየ። ለጽሑፋችን የሚጠቅመው ግን በጎንደር በተቀመጠበት ጊዜ የሰበሰበው መጻሕፍት ነው። የነገሥታቱን ዜና መዋዕል አገኘ፤ ክብረ ነገሥትን ራስ ሚካኤል ሰጡት። ከሁሉ በላይ ግን በኢትዮጵያ ጸሐፍት እጅ የተጻፉ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ወጣ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሄኖክ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ነው፤ ተሰውሮ አያውቅም። ብሩስ ይህን ያገኘው ምስጢር ፈትቶ አይደለም፤ መጽሐፉን የሚያነብና የሚገለብጥ ሰው ባለበት አገር ስለ ተቀመጠ ነው።

ሌላም ሥራ አሠርቷል። መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በልዩ ልዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች አስተርጕሞ በግእዝ ፊደል አስጻፈ። ከእነዚህ አንዱ ጋፋትኛ ነው። ቋንቋው ከጊዜ በኋላ ጠፋ፤ ቮልፍ ሌስላው የተባለው ሊቅ በ1945 የጋፋትኛን ሰዋስው አጥንቶ ያሳተመው በዚህ የብሩስ ብራና ተመርኵዞ ነው። ጋፋትኛውን የተረጐመው ሰው ስሙ በዓለም አልታወቀም፤ ሥራው ግን የአንድ ሕዝብን አንደበት ከመጥፋት አድኗል።

በሜይ 1771 በሠርባኩሳ የተደረገው ውጊያ የራስ ሚካኤልን ኀይል ሰበረ። ብሩስም በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ወደ ግብጽ ጉዞ ጀመረ። በኑብያ በረሓ ግመሎቹ ስላለቁበት ዕቃውን ሁሉ መንገድ ላይ ጥሎ፣ በኖቬምበር 1772 በሞትና በሕይወት መካከል አስዋን ገባ። ከዚያም ተመልሶ የጣለውን ዕቃ አስፈልጎ አገኘ። ጥቂት ቀን ቢዘገይ ኖሮ የድካሙ ፍሬ በአሸዋ ተቀብሮ በቀረ ነበር።

በ1773 ፈረንሳይ ሲደርስ ከሦስቱ ሄኖኮች አንዱን ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ይህ ወሬ ለንደን በተሰማ ጊዜ ቮይዴ የተባለው ሊቅ ብሩስ እስኪመጣ መታገሥ አቅቶት ሊገለብጠው ወደ ፓሪስ ገሠገሠ። በ1774 ብሩስ ለንደን ሲገባ ሁለተኛውን ለኦክስፎርድ ሰጠ፤ ሦስተኛውን ለራሱ አስቀረ።

ለሰውየው ግን ክብሩ ብዙ አልቈየም። በኢትዮጵያ ያየውን ሲናገር የለንደን ሰዎች ሣቁበት። ከዚህ ቀደም የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ የተረጐመው ዶክተር ጆንሰን ተጠራጠረው። ብሩስ ተቀይሞ ወደ ርስቱ ገባና አምስቱን ቅጽ የጉዞ ታሪኩን ያሳተመው ከ16 ዓመት በኋላ በ1790 ነው። በ1792 የውሸታሙ ባሮን ሙንቻውዘን ተረት ተከታይ መጽሐፍ ሲታተም ለብሩስ መታሰቢያ ተብሎ በፌዝ ተበረከተ። እውነተኛ አገር አይቶ የመጣው ሰው የልብ ወለድ ጓደኛ ተደረገ።

ይሁን እንጂ ፌዘኞቹ ሁሉ በከንቱ አልተናገሩም። ብሩስ መምህር ሳይጠይቅ በራሱ ግምት በሄደበት ስፍራ ስቷል። በአክሱም አንድ ድንጋይ ላይ የንጉሥ በጥሊሞስን ስም የያዘ የግሪክ ጽሕፈት አነበብሁ ብሎ ጻፈ። በ1805 ሄንሪ ሶልት አክሱም ሄዶ ቢፈልግ ያን ጽሕፈት አላገኘውም፤ ያገኘው ብሩስ ያላየውን የንጉሥ ዒዛናን የግሪክ ጽሕፈት ነው። ብሩስ የግብጽን ገናና ዘመን በአክሱም ማየት ይሻ ነበርና፣ በተፋቀው ድንጋይ ላይ ያየው የገዛ ምኞቱን ነው። ከዚህም የከፋ ጥፋት አለበት። ሥዕሉን ይሥልለት የነበረው ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ እስከ ግሽ ዐባይ አብሮት ሄዶ በ1771 ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ ባሉጋኒ ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አስመስሎ ጻፈ። ከ150 ዓመት በላይ አስቀድሞ በ1618 ምንጩን ያየውን ጳኤዝንም ሊቀበል አልወደደም። ክብርን ከሌላ ሰው ጋር መካፈል ይከብደው ነበር።

አፕሪል 27 ቀን 1794 በኪኔርድ ሞተ። ሞቱ አሳዛኝ ነው፤ ከስንት ጦርነትና በረሓ የተረፈው ሰው አንዲት እንግዳ ወይዘሮ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ነው ሕይወቱ ያለፈው። ዕድሜው 63 ዓመት ነበር።

ከሞተ በኋላ መጻሕፍቱ ስለ እርሱ መሰከሩ። ሲልቬስትር ደ ሳሲ በ1800 የሄኖክን ከፊል ወደ ላቲን መለሰ። የኦክስፎርዱ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ሙሉውን በእንግሊዝኛ፣ በ1838 ደግሞ ግእዙን አሳተመ። የቀሩት የብሩስ ብራናዎች በ1843 ለኦክስፎርድ ተሸጡ። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል የሄኖክ ቁራጮች በአራማይክ ተገኙ፤ መጽሐፉም ጥንታዊ መሆኑ ተረጋገጠ። ነገር ግን እነዚያ ቁራጮች ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የሚነበበው እስከ ዛሬ በግእዝ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በሄኖክ ስም ሦስት ጽሕፈቶች ቀርበዋል። የጆን ዲ ፊደል ሲመረመር የዲን የገዛ ቋንቋ አካሄድ አሳየ። የቴብሱ ኮዴክስ ቅብጥኛው ቢነበብም፣ የሚያስተምራቸው ሰው የጠፋባቸው ምልክቶች ዝም እንዳሉ ናቸው። የጎንደሩ ሄኖክ ግን ተገለጠና ተነበበ፤ ለምን ቢሉ የሚያነቡት መምህራን ከትውልድ ወደ ትውልድ ስላልተቋረጡ ነው። የፊደል ቍልፍ ከሁሉ አስቀድሞ አንባቢው ራሱ ነው። ሉዶልፍም ብሩስም ያተረፉት አንባቢውን በፈለጉበት ሥራ ነው፤ ብሩስ የከሰረውም አንባቢውን በተወበት ነው።

በኦክስፎርድ መደርደሪያ ላይ እነዚያ ብራናዎች የሚጠሩት በብሩስ ስም ነው። የጻፏቸው፣ ያረሟቸውና የተረጐሟቸው ሰዎች ስም ግን በርእሱ ላይ የለም። የሉዶልፍን መምህር የአባ ጎርጎርዮስን ስም ዛሬ ለማወቅ የቻልነው ተማሪያቸው ስለ ጻፈው ነው። በጎንደር አድባራት፣ በሰሜንና በወገራ ገዳማት የብራና መጻሕፍት ገና ይነበባሉ፤ ቅኔውና ትርጓሜው በጉባኤ ቤት ገና ይሰጣል። እኛ ተማሪዎች ከመምህራኑ እግር ሥር ተቀምጠን የምንሰማውን ስንጽፍ፣ ያስተማረንን ሰው ስም ከጽሑፉ ራስ ላይ እንጻፍ። ብሩስ ሳይከፍለው የሞተው ዕዳ ይህ ነው፤ እኛ ግን ልንከፍለው እንችላለን።