መድፉን ሠርተው ማሽኑን ያጡት ንጉሥ
ዐፄ ቴዎድሮስ ከጋፋት እስከ መቅደላ

ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ፋብሪካዎች የተሰለፉበት ሜዳ ላይ ይደርሳል። ከደሴ ተነሥቶ የወሎን ደጋ ይዞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀና ደግሞ መቅደላ አምባ ላይ ከ150 ዓመት በላይ የኖረ አንድ ግዙፍ የነሐስ መድፍ ያገኛል፤ ሴባስቶፖልን። ሁለቱም ቦታዎች ያሉት በደቡብ ወሎ ነው። አንዱ ብረት ዛሬ የሚቆረጥበት፣ ሌላው ብረትን ለማዘዝ የፈለጉ ንጉሥ የወደቁበት ነው።

ካሳ ኃይሉ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም ገደማ ቋራ ውስጥ ነው። ጊዜው መሳፍንቱ አገሪቱን ተከፋፍለው የሚገዙበት፣ በጎንደር የተቀመጠው ንጉሥ ለስም ብቻ የሚኖርበት ዘመን ነበር። ካሳ ሽፍታ ሆነው ተነሡ፤ ጀግንነታቸውም ወዲያው ታወቀ። ነገር ግን በ1840 ዓ.ም ደባርቂ በተባለው ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ሲገጥሙ ጀግንነት ብቻውን አልበቃም። በወግ የሰለጠነውና መድፍ የያዘው ጦር የካሳን ተዋጊዎች ረፈረፋቸው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የቴዎድሮስን የመድፍ ፍቅር ከዚህ ሽንፈት ይጀምሩታል።

ካሳ በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በ1847 ዓ.ም ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ። በዚያው በ1847 ዓ.ም የካቲት ወር ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ፤ አምባውንም ምሽግ፣ ግምጃ ቤትና እስር ቤት አደረጉት።

ከ1848 ዓ.ም ጀምሮ ስዊዘርላንድ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የሰለጠኑ ሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ነበር። ወንጌልም የእጅ ሙያም የያዙ ሰዎች ነበሩ። ንጉሡን የሳባቸው የእጅ ሙያቸው ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ቦታ አሰፈሯቸው፤ ከእነሱ ጋር ሙያ እንዲማሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን መደቡ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ጓደኞቹ መጀመሪያ ጠመንጃ ይጠግኑ፣ መንገድ ይሠሩ ነበር። በኋላ ግን መድፍ ቀልጦ ይሠራ የሚል ትእዛዝ መጣ። አንዳቸውም ይህን ሠርተው አያውቁም። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ፤ ንጉሡ ግን ደግማችሁ ሞክሩ ከማለት አልታከቱም። በመጨረሻም ተሳካ።

ስለ ሥራው ክብደት ጥቂት እንበል። ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ድብልቅ ነው፤ ለመቅለጥ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል። ትልቅ መድፍ ለመሥራት የቀለጠው ሁሉ ሳይቋረጥ ወደ ቅርጹ መፍሰስ አለበት። ቅርጹ እርጥበት ከያዘ ይፈነዳል፤ አየር ከገባበት መድፉ ውስጡ ቀዳዳ ይሆናል። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ የመድፉ ውስጥ ክብና ቀጥ ያለ መሆኑ ይቀራል። አለዚያ የባሩዱ ኃይል በዳር ያመልጣል፤ ጥይቱም ዒላማውን ይስታል።

አውሮፓ ይህንን የመጨረሻ ችግር የፈታችው በማሽን ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1774 የመድፍ መቦርቦሪያ ማሽን የፈጠራ መብት አገኘ። ብዙም ሳይቆይ በዚሁ ጥበብ የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ሲሊንደር ተቦረቦረ። የመድፍ መሣሪያ የኢንዱስትሪ እናት ሆነ ማለት ነው። ጋፋት ግን እንዲህ ያለ ማሽን አልነበራትም። ሴባስቶፖልም ረጅም መድፍ ሳይሆን አጭርና አፈ ሰፊ ሞርታር ነው፤ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ የረጅም መድፍን ያህል የቡርቦራ ጥራት አይጠይቅም። ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ሲሆን ስሙን ያገኘው በክራይሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ ወደብ ነው።

ቴዎድሮስ የጎደላቸውን ያውቁ ነበር። በ1855 ዓ.ም ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሡ ተቆጡ፤ በ1856 ዓ.ም የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሩንን አሰሩ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ። በ1858 ዓ.ም ሚሲዮናዊው ማርቲን ፍላድ ባለሙያዎችና መሣሪያዎች ይዞ እንዲመጣ ወደ እንግሊዝ ተላከ። የእንግሊዝ መንግሥትም ባለሙያ ቀጥሮ፣ መሣሪያ ገዝቶ እስከ ምጽዋ ላከ። ቅድሚያ ግን እስረኞቹ ይፈቱ አለ። ቴዎድሮስ ደግሞ መሣሪያው ሳይደርስ እስረኛ አልፈታም አሉ። አንዱ ሌላውን ሳያምን ወራት አለፉ፤ ባለሙያዎቹም ደጋውን ሳያዩ ከምጽዋ ተመለሱ።

የዚህን ታሪክ መራራነት እዚህ ላይ ማየት ይቻላል። ማሽኑ ቀይ ባሕር ዳር ደርሶ ነበር። የመለሰው የእንግሊዝ ንቀት ብቻ አይደለም፤ የንጉሡም እልህ አለበት። እንግዳን አስሮ ጥበብን መለመን እንደማያዋጣ ለመረዳት ጊዜው ዘገየ። ጭካኔያቸው እየበረታ፣ አገሩም እየከዳቸው ሄዶ ስለነበር በመጨረሻ የቀረላቸው ግዛት ከጦር ሰፈራቸው ብዙም አይሰፋም ነበር።

በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖልን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር ጎተቱት። መንገድ ስላልነበረ እየሠሩ ሄዱ፤ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጡ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ። በዚያው ጊዜ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር ይዞ ከዙላ እየገሰገሰ ነበር፤ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ሐዲድ ዘርግቶ፣ መድፉን በ44 ዝሆኖች አስጭኖ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ በስቅለት ዕለት፣ እሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። የእንግሊዝ ጠመንጃና ሮኬት የቴዎድሮስን ጦር ፈጀው፤ ሴባስቶፖልም አልታደጋቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን አጠፉ። ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ እዚያው በወጣትነቱ ሞተ።

ንጉሡ ከሞቱ 15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ቡላርድ የተባለ አሜሪካዊ የቁም ቶርኖ ለገበያ አቀረበ። አሠራሩ ቀላል ነው። በተለመደው ቶርኖ ላይ ከባድ ብረት በአንድ ጎን ተይዞ ሲሽከረከር ወደ ታች ይጎትታል። በቁም ቶርኖ ግን ብረቱ ክብ ገበታ ላይ ይቀመጣል፤ ክብደቱ ራሱ ያደላድለዋል፤ መቁረጫው ከላይ ይወርድበታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቡላርድ ኩባንያ ሥራውን በየጣቢያው ከፋፍሎ የሚያከናውን አውቶማቲክ ማሽን ሠራ። ዛሬ ኮምፒውተር ያዘዘው የቁም ቶርኖ የመኪና ፍሬን ዲስክና የፓምፕ አካል በብዛት ይቆርጣል።

አዲስ አበባ ላይ የሴባስቶፖል አምሳያ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ዋናው ግን መቅደላ ላይ ነው። የኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም ተመርቋል፤ ከተማዋና ደሴ በ2014 ዓ.ም ጦርነት ተይዘው ሲለቀቁ ፋብሪካዎች እንደተዘረፉ ይታወሳል። ማሽን ይገዛል፤ ይዘረፋልም። ጋፋት ላይ ወጣቶችን ከባለሙያ ጎን ያስቀመጡት ንጉሥ ግን ከመድፉ ይልቅ የማይዘረፈውን ነገር ጀምረው ነበር፤ ሳይጨርሱት ቀሩ። መቅደላ ላይ ያለው ነሐስ ለጎብኚ የጀግና መታሰቢያ ነው። ለኮምቦልቻ የቶርኖ ባለሙያ ግን ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው።