አበበ ቢቂላን ከባዶ እግሩ በላይ ስናየው

አበበ ቢቂላን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ይከብዳል። ሕፃን ልጅ እንኳ ብትጠይቁት፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈ ጀግና መሆኑን ይነግራችኋል። ስለ ልምምዱና ስለ ጉዳቱ ግን ብዙም አናወራም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ላነሳ የፈለግኩት ይህንኑ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ልጅነቱን ያሳለፈው ከብት እየጠበቀ ነው። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ ገብቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። የሕይወቱን መንገድ የቀየረውን ሰው፣ አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነንን፣ ያገኘውም በውትድርና ላይ እያለ ነው። ኒስካነን በፊንላንድ የተወለደ ስዊድናዊ ሲሆን ወደ አገራችን የመጣው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነበር።

ኒስካነን ወታደሮቹን ዝም ብሎ ሩጡ ብሎ የሚለቅ ሰው አልነበረም። ረጅም ሩጫ፣ ዳገትና በትራክ ላይ በሰዓት የሚለካ ፈጣን ሩጫ እያፈራረቀ ያሠራቸው ነበር። የዚህ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ረጅሙ ሩጫ ልብና ሳንባን ያጠነክራል፤ ዳገቱ እግርን ያበረታል፤ ፈጣኑ ደግሞ ፍጥነትን መቆጣጠር ያስተምራል። ሁሉም በአንድ ቀን ከተጫነ ግን ሰውነት የሚጠገንበት ጊዜ ያጣል። ስለዚህ ከከባድ ቀን ቀጥሎ ቀለል ያለ ቀን ያስፈልጋል።

ነሐሴ 1952 ዓ.ም አበበ አዲስ አበባ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ። ይህ ሰዓት ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ይፈጥናል፤ ያውም አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ! እንግዲህ የሮም ድል ለዓለም ዱብ ዕዳ ቢሆንም ለአሰልጣኙ ግን እንደዚያ አልነበረም ማለት ነው።

ሮም ላይ የተገዛለት አዲስ ጫማ አልተመቸውም፣ እግሩንም ውሃ አስቋጠረው። ስለዚህ በለመደው ባዶ እግር ሊሮጥ ተወሰነ። ልብ በሉ፣ የእግሩ መዳፍ በአንድ ሌሊት የጠነከረ አይደለም። ጓዱ አበበ ዋቅጅራም በባዶ እግሩ ሮጦ 7ኛ ወጥቷል። አበበና ኒስካነን የውድድሩን መንገድ አስቀድመው አይተው ነበር። ያን ጊዜ ሮም ቆሞ የነበረው፣ በ1997 ዓ.ም ወደ አገሩ የተመለሰው የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ፍጥነት እንዲጨምር ተነጋገሩ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ በአዲስ ዓመታችን ዋዜማ፣ እንደታሰበው ሆነ። ሞሮኮዊውን ራዲን በ25 ሰከንድ ያህል ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ።

የቶኪዮው ታሪክ ደግሞ ይብሳል። ውድድሩ 5 ሳምንት ያህል ሲቀረው አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሆኖም ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በዚህ ጊዜ ጫማና ካልሲ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛው ሯጭ የገባው ከ4 ደቂቃ በኋላ ነው። አበበ ግን ሜዳው ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ደፍረን የማናወራው። ሐምሌ 1959 ዓ.ም ስፔን ውስጥ ዛራውትስ በተደረገ ማራቶን የኋላ ጭኑን ጡንቻ ተጎድቶ አቋረጠ። ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም ሜክሲኮ ላይ እግሩን እያመመው ተሰልፎ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ወጣ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣልን፤ እኛም በደስታው የአበበን እግር ረሳነው። ቀዶ ሕክምናን በሳምንታት ያለፈ ሰው በእግር ጉዳት ተሸነፈ። በእኔ እይታ ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። ጽናት ብዙ ነገር ያሸንፋል፣ ያልዳነ ጉዳትን ግን አያሸንፍም።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚሮጥ ጓደኛ አለኝ። ቅልጥሙን እያመመው ለውድድር ሲዘጋጅ አሰልጣኙ ቻለው አሉት። ለማበርታትም የአበበን ባዶ እግር ጠቀሱለት። ልጁም ቻለው፤ ከውድድሩ በኋላ ግን ለወራት መሮጥ አልቻለም። እንዴ! አበበን ለዚህ ነው እንዴ የምንጠራው? አንድ ቦታ ላይ ነጥሎ የሚወጋ፣ ስንራመድም የማይተወን ሕመም ካለ ማቆምና መታየት ይገባል። የልምምድ መጠንም ቀስ በቀስ እንጂ በአንዴ አይጨመርም። ማሟሟቅና ማፍታታት የሰነፍ ሥራ አይደለም።

መጋቢት 1961 ዓ.ም አበበ ቮልስዋገኑን ሲነዳ ተገልብጦ መራመድ አቃተው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ። ከአልጋ ተነስቶም በጋሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1964 ዓ.ም ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ በክብር እንግድነት ሲገኝ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በ41 ዓመቱ አረፈ። ቀብሩም በዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተፈጸመ።

አበበን ስናስታውስ ባዶ እግሩን ብቻ ሳይሆን የትራክ ሰዓቱን፣ አስቀድሞ ያየውን መንገድና የተጎዳውን እግሩንም እናስታውስ። አሰልጣኞችም የእሱን ስም ለወጣት ሯጮች ሲጠሩ ሙሉውን ታሪክ ይንገሯቸው። ግማሹ ብቻ ሲነገር የሚጎዳው የልጆቹ እግር ነው።