ኤሚል ቦሬል

ኤሚል ቦሬል (ጃንዋሪ 7 ቀን 1871 – ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1956 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅና ፖለቲከኛ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው በስብስቦች ልኬት ጥናቱና በፕሮባብሊቲ (በዕድል ስሌት) ሥራዎቹ ነው። ከዚህም ሌላ በብሪጅ የካርታ ጨዋታ አንድ ተጫዋች ሁሉንም ካርታ ሳያይ የተሻለውን ምርጫ እንዴት እንደሚለይ በሒሳብ ያስረዳ መጽሐፍ ከባልደረባው ጋር አሳትሟል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቦሬል የተወለደው በደቡብ ፈረንሳይ፣ አቬሮን በተባለው ግዛት በምትገኘው ሳንታፍሪክ ከተማ ነው። አባቱ የፕሮቴስታንት ፓስተር ነበር። ቦሬል በሒሳብ ችሎታው ገና በወጣትነቱ ስለታወቀ ትምህርቱን በፓሪስ ቀጠለ። በ1889 ወደ ኤኮል ፖሊቴክኒክና ወደ ኤኮል ኖርማል ሱፔሪዬር ለመግባት ተፈትኖ በሁለቱም አንደኛ ወጣ። ምርጫው ግን መምህራንንና ተመራማሪዎችን የሚያፈራው ኤኮል ኖርማል ሆነ። በ1893፣ በ22 ዓመቱ፣ በሊል ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ወደ ኤኮል ኖርማል በመምህርነት ተመለሰ።

የሒሳብ ሥራዎቹ

ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናት ውስጥ ዛሬ የሃይነ–ቦሬል ቲዎረም የሚባለው ሐሳብ ይገኛል። የአንድን መስመር፣ የአንድን ገጽ ወይም የተወሳሰበ የነጥቦችን ስብስብ መጠን ለመለካት ያወጣው ዘዴ ለአንሪ ለቤግ ሥራ መነሻ ሆነ። የቦሬል ስብስቦች የሚባሉትም በስሙ የተሰየሙ ናቸው።

በ1909 ይህንኑ የልኬት ሐሳብ ወደ ፕሮባብሊቲ አመጣው። በዚያ ዓመት ባወጣው ጽሑፍ በዘፈቀደ ከሚወሰዱ ቁጥሮች መካከል ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ በአሥርዮሽ ሲጻፉ ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞች በረጅሙ ሲቆጠሩ እኩል ድርሻ እንደሚኖራቸው አሳየ። በ1913 ደግሞ በጽሕፈት መኪና ላይ በዘፈቀደ የሚመቱ የዝንጀሮዎችን ምሳሌ አቀረበ። ዓላማው አንድ ነገር ፈጽሞ የማይቻል ባይሆንም ዕድሉ እጅግ ሲያንስ እንደማይሆን ተቆጥሮ ሊታለፍ እንደሚገባ ማስረዳት ነበር።

ቤተሰብና የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት

በ1901 የሒሳብ ሊቁን የፖል አፔልን ልጅ ማርግሪትን አገባ። ማርግሪት ካሚይ ማርቦ በሚል የብዕር ስም ልብ ወለድ የምትጽፍ ደራሲ ስትሆን በ1913 የፌሚናን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት አግኝታለች። ባልና ሚስቱ በ1911 ማሪ ኩሪ በጋዜጦች የስም ማጥፋት ዘመቻ በተከፈተባት ጊዜ በቤታቸው አስጠግተዋታል።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቦሬል በመድፈኛ ክፍል ውስጥ አገልግሏል። በማደጎ ያሳደጉት የዘመድ ልጅ በ1915 በጦር ሜዳ ሞተ። ብዙዎቹ የኤኮል ኖርማል ተማሪዎቹም አልተመለሱም። ከጦርነቱ በኋላ ቦሬል የትምህርት ቤቱን ምክትል ዳይሬክተርነት ትቶ በሶርቦን የፕሮባብሊቲና የማቴማቲካል ፊዚክስ መምህር ሆነ።

የጨዋታ ጥናት

ከ1921 ጀምሮ ውጤታቸው በዕድልም በተጫዋቹ ብልሃትም ስለሚወሰን ጨዋታዎች ተከታታይ ጽሑፎችን አወጣ። ሁለት ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ሐሳብ ሳያውቅ ሲወስኑ የሚበጀው ምን እንደሆነ መረመረ። ምርጫዎቹ ጥቂት ሲሆኑ መፍትሔ እንዳለ ቢያሳይም ለሁሉም ጨዋታ መኖሩን ግን ተጠራጥሮ ነበር። መፍትሔው እንዳለ በ1928 ያረጋገጠው ጆን ፎን ኖይማን ነው።

ብሪጅ

ቦሬል ከሦስት ጊዜ የፈረንሳይ የቼዝ ሻምፒዮን ከአንድሬ ሼሮን ጋር የጻፈው የብሪጅ የሒሳብ ቲዎሪ የታተመው በ1940 ነው። ያ ዓመት ፈረንሳይ በጀርመን የተሸነፈችበት ነበር። መጽሐፉ ለማንኛውም ተጫዋች እንዲገባ ተብሎ የተዘጋጀ ሲሆን 134 ሠንጠረዦች አሉት። ካርታ እንዴት እንደሚበወዝም ይመረምራል።

ብሪጅ በ52 ካርታ፣ በአራት ሰዎች፣ ሁለት ለሁለት ተጣምረው የሚጫወቱት ነው። እያንዳንዱ 13 ካርታ ይይዛል። ጨዋታውን የሚመራው ሰው አጋሩ ካርታውን ገልጦ ጠረጴዛ ላይ ስለሚዘረጋለት 26 ካርታዎችን ያያል፤ በሁለቱ ተቃራኒዎች እጅ ያሉት 26ቱ ግን ይሰወሩበታል። የሒሳቡ ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ መሪውና አጋሩ ከአንድ ምልክት 9 ካርታዎች አሏቸው እንበል። አስ፣ ንጉሥና ጃክ በእነርሱ እጅ ሲሆኑ ንግሥቲቱን ጨምሮ አራት ካርታዎች በተቃራኒዎቹ ዘንድ ናቸው። ጨዋታው ሳይጀመር እነዚህ አራቱ ሁለት ለሁለት የመከፈላቸው ዕድል 40.7 በመቶ፣ ሦስት ለአንድ 49.7 በመቶ፣ አራት ለባዶ 9.6 በመቶ ነው። መሪው አስ ሲጥል ሁለቱም ተቃራኒዎች ትንሽ ትንሽ ካርታ ጣሉ። በሁለተኛው ዙር ከንጉሡና ከጃኩ በፊት የሚጫወተው ተቃራኒ ሦስተኛዋን ትንሽ ካርታ ጣለ። አሁን የቀረችው ንግሥቲቱ ብቻ ናት። መሪው ንጉሡን ቢጥል ንግሥቲቱ ከኋላ በሚጫወተው ተቃራኒ እጅ ከሆነች ትወድቃለች፤ ጃኩን ቢጥል ደግሞ የሚያሸንፈው ንግሥቲቱ ቀድሞ በተጫወተው እጅ ከሆነች ነው።

ሦስት ለአንድ የመከፈሉ ዕድል ስለሚበልጥ ጃኩ የሚሻል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የወደቁት ካርታዎች ቁጥሩን ለውጠውታል። ከዚህ በፊት ሌላ ካርታ ካልተጣለ፣ ቀድሞ የተጫወተው ሁለት ካርታ ስላሳየ የተሰወሩበት 11 ናቸው፤ ሌላው አንድ ብቻ ስላሳየ 12 ናቸው። ንግሥቲቱ ከ23ቱ አንዷ ስለሆነች በሁለተኛው እጅ የመገኘቷ ዕድል 12 ለ23፣ ማለትም 52 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ንጉሡ ይሻላል። ብልጫው ግን ጠባብ ነው፤ በትክክል የመረጠ ተጫዋችም ከመቶ 48 ጊዜ ያህል ይሸነፋል። በውርርዱ ጊዜ አንዱ ተቃራኒ ከሌላ ምልክት ብዙ ካርታ እንዳለው ካስታወቀ ደግሞ ስሌቱ እንደገና ይለወጣል።

እንዲህ ባለው ስሌት ፕሮባብሊቲ የካርታዎቹ ጠባይ ሳይሆን ተጫዋቹ በዚያች ሰዓት የሚያውቀው ነገር መለኪያ ነው። ካርታዎቹ በእጅ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ የሚለወጠው የተጫዋቹ ዕውቀት ነው። የምርጫው ትክክለኛነትም የሚመዘነው በአንዱ ዙር ውጤት ሳይሆን በዚያ ሰዓት በታወቀው ነገር ነው።

ፖለቲካና ሁለተኛው የዓለም ጦርነት

ቦሬል ከ1924 እስከ 1936 የአቬሮን የምክር ቤት አባል፣ በ1925 የባሕር ኃይል ሚኒስትር ነበር። ከ1929 ጀምሮም የትውልድ ከተማውን በከንቲባነት አስተዳድሯል። በ1928 በፓሪስ የተከፈተውን የአንሪ ፖንካሬ ኢንስቲትዩት ካቋቋሙት አንዱ ሲሆን እስከ ሞተበት ቀን ድረስ መርቶታል።

በ1941 ጀርመኖች ይዘው በፍሬን እስር ቤት አሰሩት። ያኔ 70 ዓመቱ ነበር። ከተፈታ በኋላ ወደ አቬሮን ተመልሶ ከአርበኞች ጋር ሆነ፤ በ1945ም የአርበኝነት ሜዳልያ ተሸለመ። የፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከልም በ1954 የወርቅ ሜዳልያ ሰጥቶታል።

ቦሬል በ85 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። የብሪጅ መጽሐፉ ሁለተኛ እትም የወጣው ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1955 ነበር። በጨረቃ ላይ ከሚገኙት ጉድጓዶች አንዱ በስሙ ተሰይሟል።