ኤዮዊን ለምን ሰይፏን አስቀመጠች?
(የቶልኪን ሕይወትና አንዲት ተዋጊ ሴት)

ዘንድሮ በልብ ወለድ ኮርሳችን እንደ ኤዮዊን ያጨቃጨቀን ገጸ ባሕርይ የለም። ኤዮዊን በእንግሊዛዊው ደራሲ በጄ. አር. አር. ቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ውስጥ ያለች የሮሃን ንጉሥ የእህት ልጅ ናት። ወንድ መስላ ትዘምታለች፤ ጦሩን ሁሉ ያንቀጠቀጠውን ጠላት ትገድላለች፤ በመጨረሻ ግን ሰይፏን አስቀምጣ ባል ታገባለች። ታዲያ ከክፍላችን ልጆች ግማሾቹ ደራሲው ጀግናይቱን መልሶ ጓዳ አስገባት ባዮች ናቸው። እኔም ሴት ነኝና ነገሩ ለእኔ ዝም ብሎ የፈተና ጥያቄ አይደለም። ሴት ልጅ ጀግና ለመባል የግድ ሰይፏን እንደጨበጠች መሞት አለባት ወይ? መልሱን ከደራሲው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ፈልጌዋለሁ፤ እስቲ አብረን እንየው።

ቶልኪን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1892 ዛሬ በደቡብ አፍሪካ በምትገኘው በብሉምፎንቴን ከተማ ተወለደ። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ እሱንና ታናሽ ወንድሙን ይዛ ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። አባትየው ሥራ ይዞት እዚያው ቀረና በ1896 ሞተ። እናትየዋም በ1904 በስኳር በሽታ ስታርፍ ልጁ ገና 12 ዓመቱ ነበር። ሁለቱን ወንድማማቾች ያሳደጓቸው አባ ፍራንሲስ ሞርጋን የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ኤዮዊንም አባቷን በውጊያ፣ እናቷን በሐዘንና በሕመም ያጣችው በልጅነቷ ነው። ከወንድሟ ጋር ያደገችውም አጎቷ ቤት ነው።

በ1908 ቶልኪን ኤዲት ብራት ከምትባል ልጅ ጋር ተዋወቀ። እሷም ወላጅ አልባ ናት፤ በሦስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ፒያኖ አሳምራ ትጫወታለች። አባ ፍራንሲስ ግን ትምህርቱን እንዳያበላሽበት ብለው 21 ዓመት እስኪሞላው እንዳያገኛት ከለከሉት። እሺ ብሎ ጠበቀ። ቀኑ ደርሶ በ1913 ቢጽፍላት ለሌላ ሰው ታጭታ አገኛት! በባቡር ሄዶ አነጋገራት፤ እሷም የሰውየውን ቀለበት መለሰች። ማርች 22 ቀን 1916 ተጋቡ፤ በጁን ወር እሱ ወደ ፈረንሳይ ጦር ግንባር ሄደ። ኤዲት በፒያኖ ሙያ የመኖር ተስፋዋ ቀረ፤ ደብዳቤ መጠበቅ ሥራዋ ሆነ። ወንዶች ሲዘምቱ ቤት የምትቀር ሴት ምን ዓይነት ኑሮ እንደምትኖር ቶልኪን በገዛ ቤቱ አይቶታል።

በሶም ጦርነት የመገናኛ መኮንን ሆኖ አገለገለ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብረውት ከነበሩት ሦስት የልብ ጓደኞቹ ሁለቱ በዚያው ዓመት አለቁ። እሱ ራሱ ቅማል በሚያስተላልፈው የምሽግ ትኩሳት ተይዞ በኖቬምበር 1916 ወደ እንግሊዝ ተላከና በርሚንግሃም ሆስፒታል ገባ። ያ ሁሉ የተረት ዓለሙ፣ ጦርነቱና ነገሥታቱ፣ መጻፍ የጀመረው እንግዲህ በሕክምና ላይና በማገገም ላይ ሳለ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ መጀመሪያ የያዘው ሥራ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ዝግጅት ነበር። በ1925 በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሆነ። ሙያው ቃል መቆፈር ነው። በነገራችን ላይ፣ በ1932 እና በ1934 በሁለት ክፍል ያሳተመው ጥናት የጥንት እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን ይጠሩበት ስለነበረ ስያሜ ነው። ይህ የቃል ፍቅሩ ኤዮዊን ላይም ይታያል። የጨለማው ጦር አዝማች በሰው እጅ አይወድቅም ተብሎ ተተንብዮለታል። በእንግሊዝኛ ለሰውም ለወንድም የሚያገለግለው ቃል አንድ ነው። ኤዮዊን የራስ ቁሯ ወድቆ ሴትነቷን ስትገልጥ ትንቢቱ እዚያው ይሰነጠቃል። በአማርኛ ሰውና ወንድ ለየብቻ ስለሆኑ ተርጓሚ እዚህ ጋ የምሩን ይቸገራል። እኛ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ እንላለን፤ እዚያ ሜዳ ላይ ግን ወንዶቹ ያቃታቸው በሴት አለቀ።

ይሁንና እዚያ እንዴት ደረሰች? ይሄ ነው ቁም ነገሩ። ዓመታት ሙሉ የደከመ አጎቷን ስታስታምም ኖራለች። የምትፈራው ሞትን ሳይሆን እንደ ወፍ በቀፎ ታጉራ ማርጀትን ነው። የወደደችው አራጎርን አብራው እንድትዘምት አልፈቀደላትም። ስለዚህ ስሟንም ልብሷንም ቀይራ፣ እንደ እሷ ቅር የተባለውን ትንሹን ሜሪን ፈረሷ ላይ ጭና ሄደች። የሄደችው ግን ለማሸነፍ ብቻ አይደለም፤ ለመሞትም ነበር። ጠላቷን ጥላ እንኳ ከሆስፒታል አልጋ ተነስታ እንደገና ወደ ውጊያ መሄድ ነው የፈለገችው። እዚያ እንደ እሷ የቆሰለውን ፋራሚርን አገኘች፤ ቀስ በቀስ መኖር አማራት። ከዚያ በኋላ የመረጠችው ጓዳን ሳይሆን ሐኪምነትን ነው።

ልጁ ክሪስቶፈር ከአባቱ ሞት በኋላ ያሳተማቸው ረቂቆች እንደሚያሳዩት ቶልኪን መጀመሪያ ኤዮዊንን ለአራጎርን ሊድራት አስቦ ነበር። በኋላ ደግሞ ጦር ሜዳ ላይ እንድትሞት አሰበ። የምታምር ሞት ለደራሲ ቀላል መንገድ ነች፤ አንባቢም ያለቅሳል፣ ጀግናይቱም ጀግና እንደሆነች ትቀራለች። በ1954 እና 1955 የታተመው መጽሐፍ ግን ከባዱን መንገድ ይዞ አዳናት። ጓደኞቹን ለቀበረ ሰው መትረፍ ትንሽ ነገር አይደለም።

ተከራካሪዎቼ እውነት አላቸው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ሴቶች ጥቂት ናቸው፣ የኤዲትን ፒያኖም የመለሰላት የለም። ይህን አልክድም። በ2003 ሲኒማ ቤት የታየው ፊልም ደግሞ የሆስፒታሉን ታሪክ ስለቆረጠው ብዙ ተመልካች የሚያውቃት በሰይፏ ብቻ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቶልኪን መሣሪያውን አስቀምጦ መዝገበ ቃላት ሊያዘጋጅ ሲሄድ ተሸነፈ ያለው አለ? የለም። ወንዱ ከጦርነት ሲመለስ ሰላም አገኘ፣ ሴቷ ስትመለስ ግን ተሸነፈች የምንል ከሆነ፣ ሚዛኑ የተዛባው መጽሐፉ ላይ ሳይሆን እኛ ዘንድ ነው።

ኤዲት በ1971 አረፈች፤ እሱም ሴፕቴምበር 2 ቀን 1973 ተከተላት። ኦክስፎርድ አጠገብ በአንድ መቃብር ተቀብረዋል። መጽሐፉን ያላነበባችሁ አንብቡትና ክርክሩን እንቀጥል፤ እኔ ግን ኤዮዊን አሸንፋለች ባይ ነኝ።